የኩሊ መጥበሻ፣ የፈረንጅ ገበታ

ታይላንዶች ነጭ ሰውን «ፋራንግ» ይሉታል፤ እኛ «ፈረንጅ» እንላለን። ነገሩ የድምፅ መገጣጠም ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም ቃላት ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። የጥንት ፋርሶችና ዐረቦች የምዕራብ አውሮፓን ሰው በጅምላ በ«ፍራንክ» ሕዝብ ስም ይጠሩት ነበር። ያ ስም ከነጋዴው ጋር በመርከብ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ሲያም ገባ፤ በቀይ ባሕር በኩል ደግሞ እኛ ዘንድ ደረሰ። እኛ «የፈረንጅ ላም»፣ «የፈረንጅ ጥድ» እንደምንለው እነሱም ድንችን «ማን ፋራንግ» ይሉታል። ዘይቶንን ጭራሽ «ፋራንግ» ብለው ሰይመውታል። ስለዚህ አንድ ነጭ ገበያ መሀል ቆሞ ዘይቶን ሲገምጥ ካዩ «ፋራንግ ፋራንግ ይበላል» ብለው ይሳሳቃሉ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ፋራንግ ምሳና እራት ነው። ቦታው ፉኬት ነው። ስለ ምግብ ብጀምርም ወሬው የምግብ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ከወዲሁ ልንገራችሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ለዚህ ጽሑፍ ደግሞ የሚስማማው እሱ ነው።)

ፉኬት በአንዳማን ባሕር ላይ ያለች የታይላንድ ትልቋ ደሴት ናት። ስፋቷ ከአዲስ አበባ ብዙም አይበልጥም። ዛሬ ከአየር ማረፊያው ወጥታችሁ ወደ ደቡብ ብትነዱ በአንድ መንገድ ላይ የጣሊያን ፒዛ ቤት፣ የእንግሊዝ ቁርስ ቤት፣ በሩሲያኛ የተጻፈ ሜኑ የሰቀለ ካፌ፣ የፈረንሳይ ዳቦ ቤት ተደርድረው ታገኛላችሁ። በረንዳው ላይ የተቀመጡት ለሳምንት የመጡ ቱሪስቶች ብቻ አይደሉም። ጡረታ የወጡ እንግሊዞችና ስዊድኖች አሉ። ላፕቶፓቸውን ዘርግተው ለሩቅ አገር ድርጅት የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። የዩክሬን ጦርነት ከጀመረበት ከ2022 ወዲህ ደግሞ ከነልጆቻቸው የሰፈሩ ብዙ ሩሲያውያን አሉ። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም አላቸው፤ «ኤክስፓት»።

ቃሉን እኛም እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ውስጥ ኤክስፓት ማለት ደመወዙ በዶላር፣ ቤቱ በግቢ፣ መኪናው በሾፌር የሆነ ሰው ነው። ወደ ቤይሩትና ወደ ሪያድ የሄደችውን እህታችንን ግን ኤክስፓት ብሎ የጠራት ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እሷ «ዐረብ አገር ያለች» ናት፤ ጋዜጣ ሲጽፍባት ደግሞ «ስደተኛ ሠራተኛ»። ሁለቱም ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር እንጀራ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? የፉኬት ታሪክ ይህን ጥያቄ በወጥ ቤት በኩል ይመልሰዋል ብዬ አምናለሁ። በዚህች ደሴት ላይ ዛሬ «የአገሬው ምግብ» እየተባለ የሚሞገሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ኤክስፓት ያልተባሉ መጤዎች ሥራ ነው። ኤክስፓት የተባሉት ግን በልተው ከፍለው ሄዱ እንጂ ድስቱ ውስጥ የጨመሩት ነገር ብዙም አይታይም።

ከሩዝ እንጀምር።

ፉኬት ከጥንት ጀምሮ የሚበቃትን ሩዝ አብቅላ አታውቅም። ከመሬቷ ሥር ከሩዝ የበለጠ ገንዘብ የሚያወጣ ነገር ነበራ፤ ቲን። ቲን ስል ጣሪያ የምናለብሰውን ቆርቆሮ ማለቴ አይደለም። ከመዳብ ጋር ተዋህዶ ነሐስ የሚሆነውን፣ ብረት ላይ ተቀብቶ ዝገት የሚከላከለውን፣ የታሸገ ምግብ ጣሳ የሚሠራበትን ነጭ ማዕድን ነው። ለእሱ ሲሉ ፖርቹጋሎች መጡ፣ ሆላንዶች መጡ፣ ፈረንሳዮች መጡ። እንዲያውም የሲያሙ ንጉሥ ናራይ በ1681 ሬኔ ሻርቦኖ የተባለ ፈረንሳዊ የሚሲዮን ሐኪም የደሴቲቱ ገዢ አድርጎ ሾሞ ነበር። ፋራንግ ፉኬትን በይፋ ገዝቷል ማለት ነው፤ አራት ዓመት ያህል።

በ1785 የበርማ ጦር ደሴቲቱን ከበበ። ገዢው በቅርቡ ሞቶ ስለነበር መከላከሉን የመሩት ባለቤቱ ቻንና እህቷ ሙክ ነበሩ። ሴቶቹን እንደ ወታደር አልብሰው፣ የኮኮናት ዝንጣፊ እንደ ጎራዴ አስይዘው ጠላት ሠራዊቱ ብዙ እንዲመስለው አድርገዋል ይባላል። በርማዎቹ ከወር በላይ ከበው፣ ስንቅ አልቆባቸው ተመለሱ። ንጉሡም ለሁለቱ እህቶች የክብር ማዕረግ ሰጠ። ዛሬ ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማው ስትሄዱ አደባባዩ ላይ ጎራዴ ይዘው የቆሙት ሁለት ሴቶች እነሱ ናቸው፤ ሐውልቱ የቆመው በ1966 ነው።

ሐውልቱ የማይነግረን ግን ከድሉ በኋላ የሆነውን ነው። ጦርነቱ ማሳውን አጥፍቶት ደሴቲቱ ተራበች። ያቺ ጀግና ቻን በዚያ ዘመን ለፍራንሲስ ላይት የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ተርፈዋል። ላይት እንግሊዛዊ ነጋዴ ነው፤ በ1770ዎቹ እዚያው ፉኬት ቤት ሠርቶ ኖሯል፣ ማርቲና ሮዜልስ ከምትባል የፖርቹጋል ደም ካላት ሴት ጋር ልጆች ወልዷል፣ በ1786 ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዶ ፔናንግን ለእንግሊዝ የያዘ ሰው ነው። የዘመኑ ኤክስፓት ብትሉት አልከራከርም። ቻን የምትለምነው ሩዝ እንዲልክላት ነው፤ ክፍያው በቲን። ጦር የመለሰች ሴት እህል ለመግዛት ደጅ ስትጠና እናያታለን። ፉኬት ከዚያ ወዲህም በዚሁ ሥርዓት ነው የኖረችው፤ ያላትን ትሸጣለች፣ የምትበላውን ከውጭ ታስመጣለች። መጀመሪያ የሸጠችው ከመሬቷ ሥር ያለውን ነበር፤ በኋላ ባሕር ዳርቻዋን።

አሁን ወደ ዋናዎቹ እንምጣ። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓና አሜሪካ የጣሳ ምግብ ሲለምዱ የቲን ዋጋ ወጣ። ከቻይና ደቡባዊ ጠረፍ፣ ከፉጂያን፣ ሆክየን ቋንቋ የሚናገሩ ወጣት ወንዶች በሺዎች እየሆኑ በፔናንግ በኩል ወደ ፉኬት ጎረፉ። እንግሊዞቹ «ኩሊ» ይሏቸው ነበር። መርካቶ ላይ ጆንያ የሚሸከመውን ልጅ የምንጠራበት ቃል እሱው ራሱ ነው።

የኩሊው ኑሮ ምን ይመስል ነበር? የመርከቡን ዋጋ በብድር ይከፈልለታል፤ ስለዚህ ባለዕዳ ሆኖ ነው የሚያርፈው። ቀኑን ሙሉ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አፈር ሲያጥብ ይውላል። የሚበላውን ሩዝ፣ የሚያጨሰውን ኦፒየም የሚሸጥለት ያው የማዕድኑ ባለቤት ነው፤ በዱቤ፣ ከገበያ ዋጋ በላይ። በኦፒየም፣ በአረቄና በቁማር ላይ ያለውን ግብር የመሰብሰብ መብት ደግሞ መንግሥት ለባለሀብት በጨረታ ያከራያል። አንድ ኩሊ ያገኛትን ሳንቲም በአፉና በሳንባው በኩል መልሶ ያስረክባል ማለት ነው። መመኪያው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አንግ ዪ» የሚባሉት የምስጢር ማኅበራት። እንደ እድር ይቀብራሉ፣ ይረዳሉ፤ እንደ ወሮበላም ተቧድነው ይደባደባሉ።

በ1876 የቲን ዋጋ ወርዶ ክፍያ ሲጓደል ነገሩ ፈነዳ። ኩሊዎቹ ሰይፍና ዱላ ይዘው ተነሡ፣ ቤት አቃጠሉ፣ ዘረፉ። የአገሬው ሰው ቻሎንግ ወደሚባለው የቡድሃ ገዳም ሸሸ። አበ ምኔቱ ሉዋንግ ፖ ቼም ሽሽ ቢሏቸው እምቢ አሉ። ለተሰበሰበው ሰው የተባረከ ጨርቅ በራሱ ላይ አሰሩለትና ገዳሙ ሳይደፈር ቀረ። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በኋላ ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል፤ ሐውልታቸው ዛሬም በወርቅ ቅጠል ይለበጣል። ይህን የማነሳው የሚቀጥለውን እንድትገረሙበት ነው። በዚያ ዓመት ለአገሬው ሰው «ቻይና ኩሊ» ማለት ቤት የሚያቃጥል ባዕድ ነበር። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን የደሴቲቱ ዋና ሰዎች ሆኑ።

እንዴት? ባብዛኛው በጋብቻና በወጥ ቤት። ኩሊዎቹ ሴት ይዘው አልመጡም። ገንዘብ የያዘው የአካባቢውን ሴት አገባ። የእነሱ ልጆች «ባባ» ይባላሉ፤ በሰፊው ስማቸው ፔራናካን። አባት የሶያ መረቁንና የኑድል አሠራሩን ከፉጂያን አመጣ፤ እናት የኮኮናት ወተቱን፣ እርዱን፣ ጠጅ ሣሩንና ቃሪያውን ጨመረች። (ቃሪያው ራሱ ከአሜሪካ በፖርቹጋሎች መርከብ የመጣ ነው። ያለ እሱ የታይላንድን ምግብ ማሰብ እንደማይቻል ሁሉ እኛንም ያለ በርበሬ ማሰብ አይቻልም፤ እሱም ከዚያው ከአሜሪካ የተነሣ ተክል ነው።)

ውጤቱን ልዘርዝርላችሁ፣ ለሆዳችሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ። «ሚ ሆክየን» አለ፤ ወፍራም ቢጫ ኑድል በኃይለኛ እሳት ከባሕር ምግብና ከአሳማ ሥጋ ጋር ተጠብሶ፣ መረቁን መጥጦ የሚቀርብ። ከእኛ ሱቅ ኢንዶሚ ጋር አታስተያዩት። «ኦ ታው» አለ፤ ትንንሽ ኦይስተርና ጎደሬ በሊጥ ተለውሰው የሚጠበሱ፤ አዎ፣ ያው የእኛው የደቡብ ጎደሬ። «ሙ ሆንግ» የሚሉት የአሳማ ሥጋ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ለሰዓታት እስኪፈራርስ የሚቀቀል ነው። አብዛኞቻችን አንነካውም፤ የሚበሉት ግን በዓል ያለ እሱ በዓል አይሆንላቸውም። ለቁርስ ቀጭን የሩዝ ፈትል ከሸርጣን ወጥ ጋር ይበላል። ለጥማት «ኦ ኤው» የሚባል ነገር አለ፤ ከአንድ ተክል ዘር የሚወጣ ዝልግልግ ውሃ ረግቶ፣ ተፈቅፍቆ በተከመረ በረዶ ሥር ከቀይ ባቄላ ጋር የሚቀርብ። ጭቃ ውስጥ የዋለ ሰው የሚመኘው ዓይነት ቅዝቃዜ ነው። የሙስሊሞቹ ሮቲና ሻይም አለ፤ ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር የመጣ።

የጾማቸው ነገር ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። በቻይናዎቹ አቆጣጠር ዘጠነኛው ወር ሲገባ ለዘጠኝ ቀን ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም። ካቱ በሚባለው የማዕድን መንደር በ1825 አካባቢ የጀመረ ነው ይባላል። ለኩሊዎቹ ቲያትር ሊያሳዩ የመጡ ተዋንያን በወባ ይመስላል ታመው፣ ጾመው ጸልየው ዳኑ የሚል ታሪክ አለው። የጾም ምግብ የሚሸጥ ሁሉ ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላል። እስከዚህ ድረስ እኛም ቤታችን ነን። ችግሩ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ክልክል መሆናቸው ነው፤ እዚያ ላይ የእኛ ሽሮ ፈተናውን ይወድቃል።

ከኩሊ ዘር ምን ያህል ከፍታ እንደተወጣ አንድ ሰው ይበቃናል። ኮው ሱ ቺያንግ የሚባል የፉጂያን ሰው ፔናንግ ላይ አትክልት በትከሻው እየተሸከመ በመሸጥ ጀመረ ይባላል፤ ከዚያ ሰሜን ወጥቶ በቲን ከብሮ የራኖንግ ገዢ ሆነ። ልጁ ኮው ሲም ቢ ደግሞ ከ1901 እስከ 1913 የፉኬትን ሰፊ ግዛት አስተዳደረ። የአትክልት ሻጭ ልጅ ለአውስትራሊያዊው ካፒቴን ለኤድዋርድ ማይልስ የማዕድን ፈቃድ ሰጪ ሆነ ማለት ነው። የማይልስ ኩባንያ በ1906 ተቋቋመ፤ በ1907 ከባሕር ወለል ቲን የሚዝቅ ተንሳፋፊ ማሽን ፉኬት ላይ ሥራ ጀመረ። በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳባቸው የታላንግ መንገድና የዲቡክ መንገድ ባለ ቀለም ቤቶች የዚያ ገንዘብ ልጆች ናቸው። «ዲቡክ» የሚለው ስም ራሱ ቲን ማለት ነው።

ያን ዘመን ፉኬት ለባንኮክ ሩቅ፣ ለፔናንግ ቅርብ ነበረች። ልጅ የሚማረው ፔናንግ ነው፤ ዕቃውም ሙሽራውም የሚመጣው ከፔናንግ። ደሴቲቱ ከታይላንድ ምድር ጋር በድልድይ የተገናኘችው በ1967 ነው፤ ገና ትናንት።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጥኖ ተለወጠ። በ1970ዎቹ ቦርሳ አዝለው የሚዞሩ ወጣት ፈረንጆች ባዶ ዳርቻዎቹን አገኙ። በ1974 የወጣ አንድ የጄምስ ቦንድ ፊልም የአጠገቡን ባሕረ ሰላጤ ለዓለም አሳየ። በ1985 የዓለም የቲን ገበያ ተንኮታኮተ። በሰኔ 1986 ደግሞ ከቲን ዝቃጭ ታንታለም የተባለ ብረት ሊያወጣ የተሠራ ፋብሪካ ሥራ ሳይጀምር፣ በአሥር ሺዎች የወጣ ሕዝብ አቃጠለው። መርዙን ፈሩ፤ ቱሪስቱ ይሸሻል ብለውም ፈሩ። ሆቴልም አብሮ ነደደ፤ ለካ የቱሪስቱን ዳቦ ለማዳንም ሆቴል ይቃጠላል። እኔ የፉኬትን ታሪክ ለሁለት የምከፍለው እዚያ እሳት ላይ ነው። የአያቶቿን ሥራ በእጇ ዘጋች።

ቀደም ሲል በ1984 ሆ ኩዋን ፒንግ የተባለ የሲንጋፖር ነጋዴ ባንግ ታው ላይ ሰፊ የዳርቻ መሬት ገዝቶ ነበር። ውሃው በሚገርም ሰማያዊ ያምራል፤ ኋላ ሲመረመር ግን ቲን ሲወጣበት የኖረ የተመረዘ መሬት ሆኖ ተገኘ። አጽድተው፣ ዛፍ ተክለው ሪዞርት አደረጉት። ዛሬ ባለ ሀብቱ ኤክስፓት ወይኑን ይዞ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያይበት ሐይቅ ኩሊ የቆፈረው ጉድጓድ ነው።

አሁን የኤክስፓቱን ኑሮ በሕግ በኩል እንየው፤ ምግቡን የሚወስነው ሕጉ ነውና። ዕድሜው 50 የሞላ ሰው 800,000 ባት ባንክ ካስቀመጠ ወይም በወር 65,000 ባት ገቢ ካሳየ በጡረታ ቪዛ መኖር ይችላል። በየ90 ቀኑ አድራሻውን ያስመዘግባል። መሬት መግዛት አይችልም፤ ከአንድ የጋራ ሕንፃ የወለል ስፋት ከ49 በመቶ በላዩም በውጭ ዜጋ ስም ሊሆን አይችልም። ምግብ ቤት ልክፈት ቢል ብዙውን ድርሻ ታይላንዳዊ መያዝ አለበት፤ ለአንድ ፈረንጅ የሥራ ፈቃድም አራት ታይላንዳውያን መቅጠር ነው ደንቡ። ስለዚህ ብዙው ቤት በሚስት ስም፣ በጠበቃ ስም፣ በስም አበዳሪ ይከፈታል። ፍቺ ሲመጣ ፒዛ ቤቱም አብሮ ይፈታል። የትኛውንም ያህል ዓመት ቢኖር እንግዳ ነው፤ እንግዳ የሚያደርገውም ራሱ መንግሥት ነው። ይህን ለፍትሕ ስል መናገር አለብኝ፤ የፈረንጁ ገበታ ለብቻው የተዘረጋው በንቀት ብቻ አይደለም።

በንቀት ብቻ አይደለም ማለት ግን ያለ ንቀት ነው ማለትም አይደለም። የደቡብ ታይላንድ ምግብ ከአገሪቱ ሁሉ የሚያቃጥለው ነው። ፈረንጅ «ማይ ፔት» ይላል፤ አታቃጥለው ማለት ነው። አስተናጋጁ ያቺን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ይሰማል። ቀስ በቀስ ወጥ ቤቱ ሳይነገረው ማለዘብ ይጀምራል፤ ስኳሩ ይጨመራል፣ የዓሣው መረቅ ይቀነሳል፣ ምላስ የማያውቀው ሁሉ ከሜኑ ይወጣል። ዳርቻው ላይ የምታገኙት «የታይ ምግብ» እንደዚህ የተገራ ነው። ሁለት ወጥ ቤት ያለው ደሴት ሆነ፤ አንዱ ለሚኖሩበት፣ አንዱ ለሚከፍሉበት። ኩሊው የአገሬውን ቃሪያ በልቶ አልቅሶ ለመደው፤ ምርጫ አልነበረውም። ኤክስፓቱ ምርጫ አለው።

በ2015 ዩኔስኮ ፉኬትን የምግብ ጥበብ ከተማ ብሎ መዘገባት። በኖቬምበር 2018 የወጣው የሚሼሊን መጽሐፍም የፉኬትን ገበታ ማካተት ጀመረ። የተመሰገነው ምን እንደሆነ አስተውሉ። ፒዛው አይደለም፣ የእንግሊዝ ቁርሱም አይደለም። ኑድሉ ነው፣ ሸርጣን ወጡ ነው፣ በረዶው ነው። በዕዳ ታስሮ የመጣው ሰው ምግብ ከመቶ ዓመት በኋላ የዓለም ቅርስ ዓይነት ክብር አገኘ።

ታዲያ ዛሬ መጥበሻውን የያዘው ማን ነው? ወጥ ቤቱን ከፍታችሁ ብታዩ ሳህን የሚያጥበው፣ ሽንኩርት የሚልጠው፣ ብዙ ጊዜም የሚጠብሰው የበርማ ልጅ ነው። ዓሣውን ያጠመደው ጀልባ ላይ ያለውም፣ የሪዞርቱን ግድግዳ የገነባውም እሱ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 አገሩ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ፤ በ2024 ደግሞ የግዳጅ ውትድርና ሕግ በሥራ ላይ ሲውል ወጣቱ በብዛት ድንበር ተሻገረ። የሥራ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ፉኬትን ጨምሮ አንዳንድ ክፍለ አገራት የበርማ ሠራተኛ ሞተር ሳይክል እንዳይነዳ፣ ሞባይል እንዳይዝ፣ ማታ እንዳይወጣ ደንብ አውጥተው ነበር። ላፕቶፕ ይዞ ለመጣው ግን መንግሥት በ2024 የአምስት ዓመት ቪዛ ፈጠረለት፤ 500,000 ባት እንዳለው ያሳይ እንጂ።

ይህ ልጅ ጠዋት በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ሥራ ሲሄድ አያቶቹን የመለሱትን የሁለቱን እህቶች ሐውልት ይዞራል። ማታ ወደብ አጠገብ ባሉት ትንንሽ ቤቶች ሞሂንጋ የሚሉትን የዓሣ ሾርባ ከሩዝ ኑድል ጋር ይበላል፤ የታይላንድ ሰውም እየቀመሰው ነው። የ1876ቱን ኩሊ የሚመስል ሰው ብፈልግ በረንዳው ላይ አልፈልገውም።

ከሁሉም በፊት የነበሩትን እስካሁን አላነሳሁም። የባሕር ሰዎች ይሏቸዋል፤ ኡራክ ላዎይና ሞከን። ከጀልባና ከባሕር ጋር ትውልድ የቆጠሩ ናቸው። በደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ ራዋይ የሚባል ዳርቻ ላይ ይኖራሉ። እዚያ መብላት ለኤክስፓቱ የታወቀ ደስታ ነው። ከመደዳው ላይ ዓሣውን፣ ሽሪምፑን፣ ሎብስተሩን በኪሎ ትመርጣላችሁ፣ ትከራከራላችሁ፤ ከዚያ በላስቲክ ይዛችሁ መንገዱን ተሻግራችሁ ለምግብ ቤቱ ትሰጣላችሁ፤ በኪሎ አስከፍሎ ይሠራላችኋል። ሻጮቹ የባሕር ሰዎች ናቸው።

ከጀርባቸው ያለው መንደር ግን ለአሥርት ዓመታት ክስ ላይ ነው የኖረው። የባሕር ሰው መሬት በወረቀት አይዝም ነበር። ዳርቻው ወርቅ ሲሆን ወረቀት የያዙ ሰዎች ብቅ አሉ። በጃንዋሪ 2016 ወደ ባሕሩና ወደ ጸሎት ቦታቸው የሚወስደውን መተላለፊያ ለመዝጋት የመጡ ሰዎችና መንደርተኞቹ ተጋጩ፤ ሰዎች ቆሰሉ። መንደርተኞቹ ለመከራከሪያ ካቀረቧቸው ነገሮች አንዱ ፎቶግራፍ ነበር፤ በ1959 ንጉሥ ፑሚፖን ራዋይን ሲጎበኙ የተነሱት፣ ከኋላቸው የኮኮናት ዛፎቹ ገና አጭር ሆነው የሚታዩበት። ከመሬቱ የወጡ የአያቶቻቸው አጽሞችም ተመርምረዋል። በ2017 ፍርድ ቤት በአንዱ መዝገብ ፈረደላቸው። ሌሎች መዝገቦች ነበሩ።

በኤፕሪል 2020 በኮቪድ ምክንያት የፉኬት አየር ማረፊያ ተዘጋ። ፒዛ ቤቱ ተዘጋ፣ ሪዞርቱ ተዘጋ፣ መደዳው ላይ ዓሣ የሚመርጥ ጠፋ። ራዋይ ዓሣ ሞልቷት ሩዝ አጣች፤ ልክ እንደ ቻን ዘመን። መንደርተኞቹ ዓሣውን ጨው ነስንሰው ፀሐይ ላይ አሰጡት። በሰሜን ተራሮች ላይ ካረን የሚባሉ ገበሬዎች ሩዝ ነበራቸው፣ ዓሣ አልነበራቸውም። ተላላኩ። የአየር ኃይል አውሮፕላን የደረቀውን ዓሣ ጭኖ ወደ ሰሜን ወሰደ፤ ሲመለስ ሩዝ አመጣ። ገንዘብ አልተቆጠረም።